አስታማሚን እጅ መታጠብ ስታስተምሩ

ስለ ጀርም ረጅም ንግግር አታድርጉ፤ አብራችሁ ታጠቡና «እስቲ እማማ፣ እርስዎ ደግሞ ያሳዩኝ» በሉ። ብዙ ጊዜ የሚዘለሉት አውራ ጣት፣ የጣት ጫፎችና ከቀለበት ሥር ያለው ቦታ ናቸው። በሳሙናና በውሃ ከ40 እስከ 60 ሰከንድ፣ በእጅ ማጽጃ አልኮል ከ20 እስከ 30 ሰከንድ ይወስዳል። ወጥ ወይም ሌላ የሚታይ ቆሻሻ የነካው እጅ ላይ ግን አልኮሉ በደንብ አይሠራም፤ ሕመምተኛው ተቅማጥ ካለበትም ሳሙናው ይቅደም። ጊዜውን ከሥራቸው ጋር አያይዙላቸው፦ ከማጉረስ በፊት፣ ፖፖ ከደፉ በኋላ። ከምግብ በፊት መታጠብማ ማን ያስተምረናል! ማስታጠቢያው ለእንግዳ ሁሉ ይዞራል። የሚረሳው አልጋ ላይ የተኛው ሰው እጅ ነው፤ ለእርሱም ጆግና ሳፋ ይቅረብለት።