የሪሞት ጀልባ ቀፎ ሲሰነጠቅ፦ እኔ የሠራኋቸውን ስህተቶች እናንተ አትድገሙ

ባሕር ዳር ላይ፣ ጣና ዳር፣ በሪሞት የሚሄድ ጀልባ ይዞ መውጣት ደስ ይላል። ችግሩ ድንጋዩ ነው። ጥቁሩ ድንጋይ ግማሹ ውሃ ውስጥ ተደብቆ ይጠብቃችኋል። የእህቴ ልጅ ጀልባም እየበረረች ሄዳ ከአንዱ ጋር ተላተመች፤ አፍንጫዋ ሥር ጣት የሚያህል ስንጥቅ አወጣች።

"ጋሼ፣ በሱፐር ግሉ ትያዛለች አይደል?"

"ምን ችግር አለው!" አልኩት። ከዚያ በኋላ ሦስት ጊዜ ውሃ ሞላች።

እዚያው ዳር ላይ ማጣበቅ

ቀፎውን በሸሚዜ ጠርጌ ሙጫውን አፈሰስኩበት። ከላይ ቢደርቅም ስንጥቁ ውስጥ ውሃ ቀርቷል። አጠገባችን የደንገል ታንኳቸውን ያሰጡ አንድ አባት አየት አደረጉኝና፣ "ልጄ፣ የኔዋም ውሃ ጠጥታ ስትመጣ መጀመሪያ ትሰጣለች" አሉኝ። አልሰማኋቸውም። ባትሪውን አውጡ፣ ክዳኑን ክፈቱ፣ አንድ ቀን ሙሉ አየር ያግኛት። ጥላ ሥር ይሁን እንጂ፤ ቀጭን ፕላስቲክ ቀትር ላይ ሊጣመም ይችላል።

ፕላስቲኩን ሳያውቁ ሙጫ መግዛት

ትልቁ ስህተት ይኼ ነው። ሰው ሁሉ "የትኛው ሙጫ ይሻላል?" ብሎ ይጀምራል። መጀመሪያ ቀፎው ከምን እንደተሠራ እወቁ። ብዙዎቹ ኤቢኤስ ከሚባለው ጠንካራ ፕላስቲክ ይሠራሉ። አንዳንድ ርካሽ መጫወቻዎች ግን የጄሪካን ዘመድ ናቸው፤ ፖሊኢትሊን ወይም ፖሊፕሮፒሊን። እነዚህን ተራ ሙጫ አይዛቸውም፤ ይደርቅና ተልጦ ይነሳል።

መለያው ቀላል ነው። ከማይታይ ቦታ ትንሽ ፍቅፋቂ ቁረጡና ሳሙና ያለበት ውሃ ውስጥ ጣሏት። አረፋ እንዳይሸከማት በጣት ወደ ታች ግፏት። ተመልሳ ከተንሳፈፈች የጄሪካን ወገን ናት። ከሰጠመች ደግሞ የቀፎውን ውስጥ አሴቶን የሚባለውን የቀለም ማስለቀቂያ ፈሳሽ በነካ ጥጥ አሹት፤ ከተልሞሰሞሰና ጣት ላይ ከተጣበቀ ኤቢኤስ ወይም የቅርብ ዘመዱ ነው።

ኤቢኤስ ከሆነ እድለኛ ናችሁ። የዚያኑ ፕላስቲክ ስብርባሪ አሴቶን ባለበት የመስታወት ብልቃጥ ውስጥ አሳድሩት፤ ጠዋት እንደ ማር ወፍሮ ታገኙታላችሁ። ይኼ ስንጥቁን ከላይ አይለጥፈውም፤ አቅልጦ ያዋህደዋል። ብቻ ከእሳት ራቁ። እኔ ብልቃጡን የከፈትኩት እህቴ ለቡና ከሰል ስታቀጣጥል ነበር። "ቤቴን ልታነደው ነው?" ብላ ከነጀልባዬ ግቢ አወጣችኝ። እውነቷን ነው፤ የአሴቶን ትነት እሳት ይጠራል።

የስንጥቁን ጫፍ መርሳት

ሁለተኛው መስጠም የመጣው ከዚህ ነው። ስንጥቅ ጫፉ ላይ ስል ነው፤ ሞተሩ በተንቀጠቀጠ ቁጥር ኃይሉ ሁሉ እዚያች ነጥብ ላይ ያርፍና ወደፊት ይሄዳል። በ2 ሚሊ ሜትር ፑንታ ሁለቱም ጫፍ ላይ ክብ ቀዳዳ አውጡ። ክብ ሲሆን ኃይሉ ይበተናል፣ ስንጥቁም እዚያው ይቆማል። በደህና ቀፎ ላይ ቀዳዳ ማውጣት ያስፈራል፤ አውቃለሁ።

ከውጭ ብቻ መቀባት

ሱፐር ግሉ ጠንካራ ነው፣ ግን ተሰባሪ ነው። ቤኪንግ ሶዳ ሲነሰነስበት ደግሞ ወዲያው ድንጋይ ይሆናል። ለትንሽ ቀዳዳ ጥሩ ነው፤ ውሃ ላይ ለሚተጣጠፍ ቀፎ ግን አይሆንም። ዋናው ጥገና ከውስጥ ነው። ውስጡን በሸካራ የብርጭቆ ወረቀት እሹት፣ አቧራውን በአልኮል ጥረጉና ይድረቅ። ከዚያ ከስንጥቁ በየጎኑ 2 ሴንቲ ሜትር የሚያልፍ የፋይበር ግላስ ጨርቅ (ከመስታወት ክር የተሠራ ነው) በኢፖክሲ፣ ማለትም ሁለት ነገር ተቀላቅሎ በሚጠነክር ሙጫ፣ ለጥፉበት። ኢፖክሲ አታብዙ፤ አፍንጫዋ ይከብድና ውሃ እየበላች ትሄዳለች።

"የ5 ደቂቃ" የሚለውን ማመን

ሦስተኛው መስጠም። "የ5 ደቂቃ" ተብሎ የሚሸጠው ኢፖክሲ በ5 ደቂቃ ይይዛል እንጂ አይጠነክርም። እስከ ነገ ተዉት።

ሐይቅ ላይ መሞከር

ሳፋ እያለ ለምን? ባትሪውን አውጥታችሁ በክብደቱ ልክ ጠጠር በፌስታል አድርጉበት፣ ውስጧን ሶፍት አንጥፉና ግማሽ ሰዓት ሳፋ ላይ ተዉአት። እኔ ሶፍቱ ላይ ሽንብራ የምታህል እርጥብ ነጥብ አገኘሁ። ስንጥቁ ጋ ግን አልነበረም፤ የፕሮፔለሩ ዘንግ የሚወጣበት ቱቦ ጋ ነው። ባለፈው እምቦጭ ተጠምጥሞበት ስንጎትተው ግራሶው ተጠርጎ ወጥቷል ለካ። ግራሶ ሞላሁበት። ልጁ ሪሞቱን ይዞ በር ላይ ቆሟል።