ስራም ልጅም ይዘሽ ሰውነትሽን ለማንቀሳቀስ

አንድ ሰዓት ነፃ ጊዜ ካገኘሁ ስፖርት እጀምራለሁ እያልኩ ሁለት አመት አለፈኝ። ሰዓቱ አይመጣም እናቶች፣ አትጠብቁት። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ነው የሚለው፣ ድሮ 10 ደቂቃ ሳይቋረጥ ካልሆነ አይቆጠርም ይባል ነበር አሁን ግን እሱ ቀርቷል፣ አምስት ደቂቃም ትደመራለች። እኔን የገላገለኝ ይሄ ነው።

ስለዚህ ከታክሲ ቀድመሽ ውረጂ። ቢሮዬ ፒያሳ ነው፣ ድሮ ማዘጋጃ ቤት ድረስ በታክሲ ነበር አሁን ለገሃር ወርጄ ቸርችልን ሽቅብ በእግሬ ነው የምወጣው። እስከ ፖስታ ቤት ድረስ ምንም አይልም፣ ቴዎድሮስ አደባባይን ካለፍሽ በኋላ ነው ዳገቱ ጭን የሚይዘው። አዲሳባ እኮ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፣ መጀመሪያ ሰሞን ብታለከልኪ አትደንግጪ። እያወራሽ መሄድ ችለሽ መዝፈን ካቃተሽ ፍጥነቱ ልክ ነው፣ ማውራትም ካቃተሽ ቀንሺ። ታኮሽን ቢሮ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጪው በስኒከር ሂጂ። ዝናብ ሲሆን ደግሞ ሊፍቱን ትተሽ በደረጃ።

ጡንቻ የሚያጠነክር ነገር በሳምንት ሁለት ቀን ያስፈልጋል፣ እሱን እኔ ማታ ኩሽና ውስጥ ነው የምጨርሰው። ሽሮው ተጥዶ እስኪንተከተክ 10 ቁጭ ብድግ፣ ግድግዳ ተደግፌ 10 ፑሽ አፕ፣ ከዛ ባለ 5 ሊትር ጀሪካን ውሃ ሞልቼ በየእጄ 10 ጊዜ ማንሳት፣ ደግሞ ከመጀመሪያው። ትንሿ ልጄ በባዶ ጠርሙስ አብራኝ ትሰራለች።

አንድ የማይወራ ነገር አለ። ከወለድሽ በኋላ ስትስቂ ወይ ስታስነጥሺ ሽንት የሚያመልጥሽ ከሆነ ሩጫና ገመድ ዝላዩን ለጊዜው ተይውና ሽንትሽን እንደምትቋጥሪ አድርገሽ ጨምቀሽ እስከ 5 ቁጠሪ፣ ልቀቂ፣ 10 ጊዜ፣ በቀን ሶስቴ፣ ታክሲ ውስጥ ቁጭ ብለሽም ይሰራል ማንም አያይሽም። ሽንት እየሸናሽ ግን አትሞክሪው። ካልተሻለሽ ሳትሳቀቂ ለሐኪም ንገሪ፣ ብዙ እናት ላይ የሚደርስና የሚታከም ነገር ነው። በኦፕራሲዮን የወለድሽ ደግሞ ሐኪምሽ ሳይፈቅድ ከባድ ነገር አታንሺ።

እሁድ ጠዋት ልጆቹን ይዤ መስቀል አደባባይ እሄዳለሁ፣ እኔ ደረጃውን ስወጣ ስወርድ እነሱ እዛው ይሯሯጣሉ። ባልሽንም ጠይቂው፣ እኛ ቤት ማክሰኞና ሐሙስ ልጆቹን ከትምህርት ቤት የሚያመጣው እሱ ነው፣ እኔ በነዛ ቀኖች ወደ ቤትም በእግሬ ነው የምመለሰው።