ባትሪ ከመቀየራችሁ በፊት ላፕቶፑን ማን እንቅልፍ እንደሚነሳው እዩ

ድሬዳዋ፣ ከዚራ ላፕቶፕ እጠግናለሁ። ግንቦትና ሰኔ ላይ ሙቀቱ ሲከር አንድ ዓይነት አቤቱታ ይበዛብኛል፤ «ምንም ሳልሠራበት ይግላል፣ ቻርጁም ቶሎ ያልቃል፣ ባትሪ ቀይርልኝ አቦ!» ባትሪ ውድ ነው። ብዙ ጊዜ ደግሞ ጥፋቱ የባትሪው አይደለም። ስለዚህ ብር ከማውጣታችሁ በፊት ይችን ምርመራ ቤታችሁ አድርጉ።

ፕሮሰሰር፣ ማለትም ሥራውን ሁሉ የሚያስበው የላፕቶፑ አእምሮ፣ ሥራ ሲያጣ ይተኛል። እንቅልፉ ደረጃ አለው። ቀላሉ ሲ1 ይባላል፤ ሥራው ብቻ ይቆማል። ሲ6 ላይ ሲደርስ ግን ኮሩ (ፕሮሰሰሩ ውስጥ ሥራውን የሚሠራው ክፍል) የያዘውን አስቀምጦ ኤሌክትሪኩ ይቋረጥለታል። ባትሪ የሚያተርፈው ይሄ ከባዱ እንቅልፍ ነው። ታዲያ ወደዚያ ለመግባትም ከዚያ ለመውጣትም ጊዜና ኃይል ይጠይቃል።

ቀስቃሹ ኢንተራፕት ይባላል። ኪቦርድ ስትነኩ፣ ዋይፋዩ ዳታ ሲመጣለት፣ ዕቃው ለፕሮሰሰሩ «ተነስ፣ ጉዳይ አለኝ» የሚል ምልክት ይልካል። ይሄ ጤነኛ ነገር ነው። ችግር የሚመጣው አንዱ ዕቃ ተበላሽቶ ወይም ድራይቨሩ (ዕቃውን ከዊንዶውስ ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም) ተዛብቶ ያለማቋረጥ ሲጣራ ነው። ቀትር ላይ ሱቁን ዘግቶ ጋደም ያለ የድሬ ነጋዴ በየደቂቃው በሩ ቢንኳኳ እንቅልፍም አያገኝ፣ ሥራም አይሠራ። ፕሮሰሰሩም እንደዚያ ነው የሚሆነው።

ለማየት መጀመሪያ ፕሮግራሞችን ዝጉ። ዊንዶውስ እንደተነሳ የራሱ ሥራ ስለሚበዛበት ጥቂት ደቂቃ ተዉት። ከዚያ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጫኑ፤ ታስክ ማናጀር ይከፈታል። «ሲስተም ኢንተራፕትስ» የሚለውን መስመር ፈልጉና የሲፒዩውን (የፕሮሰሰሩን) ቁጥር እዩ። ጤነኛ ማሽን ላይ ዜሮ አካባቢ ነው። ማንም ሳይነካው 5 ወይም 10 ከመቶ ላይ ከተቀመጠ አንድ ዕቃ እየጮኸ ነው ማለት ነው። መስመሩን ለመዝጋት አትድከሙ፤ ፕሮግራም አይደለም።

አሁን ዩኤስቢ ላይ የተሰካውን ሁሉ አንድ በአንድ ንቀሉ። ሞደም፣ ማውስ፣ ፍላሽ። በእያንዳንዱ መሃል ቁጥሩን እዩ። ካልወረደ የስታርት ምልክቱን በቀኝ ክሊክ ተጫኑና የዕቃዎቹ ዝርዝር ያለበት ዲቫይስ ማናጀር ግቡ። ካሜራ፣ ብሉቱዝ፣ ሳውንድ፣ የኔትወርክ ካርድ እያላችሁ አንዱን ዲሴብል አድርጉ (አጥፉት)፣ ቁጥሩን እዩ፣ መልሳችሁ ኢኔብል አድርጉ (አብሩት)። ፕሮሰሰሩን፣ ዲስኩን፣ ዲስፕሌዩን እና «ሲስተም ዲቫይስስ» ውስጥ ያሉትን ግን እባካችሁ አትንኩ፤ ማሽኑ ላይነሳ ይችላል።

በቅርቡ አንዲት ተማሪ ያመጣችው ላፕቶፕ ስክሪኑ በጣት የሚነካ ዓይነት ነበር። ታችኛው ጥግ ላይ፣ ካልተጠጉት የማይታይ ስንጥቅ አለው። ጠቋሚው አልፎ አልፎ ብቻውን ወደዚያ ጥግ ይዘላል። የምፈልገውን የነገረኝ ይሄ ዝላይ ነው። ስክሪኑ ማንም ሳይነካው ተነካሁ እያለ ፕሮሰሰሩን ይቀሰቅሳል። «ሂዩማን ኢንተርፌስ ዲቫይስስ» ሥር «ታች ስክሪን» የሚለውን ዲሴብል አደረግኩት። ቁጥሩ ወዲያው ወረደ፣ ትንሽ ቆይቶ ፋኑም ዝም አለ። በጣት መንካቱ ቀረባት፤ የባትሪ ብሯ ግን ኪሷ ውስጥ ቀረ።

ጥፋተኛው ከተገኘና የግድ የሚያስፈልግ ዕቃ ከሆነ፣ ድራይቨሩን ከላፕቶፑ አምራች ድረ ገጽ፣ ከራሱ ሞዴል ገጽ አውርዱ። «ድራይቨር አፕዴተር» ከሚባሉት የማይታወቁ ፕሮግራሞች ራቁ።

ፕሮግራምም እንቅልፍ ይነሳል። ዊንዶውስ በልማዱ በየ15.6 ሚሊሰከንዱ፣ ማለትም በሰከንድ 64 ጊዜ፣ ሰዓቱን ያያል። አንዳንድ ፕሮግራም በየ1 ሚሊሰከንዱ ይሁንልኝ ይላል። ማን እንደጠየቀ ለማወቅ ትእዛዝ የሚጻፍበትን መስኮት፣ ኮማንድ ፕሮምፕትን፣ በአድሚኒስትሬተር ክፈቱና ፓወር ሲኤፍጂ የሚለውን በአንድ ቃል፣ ቀጥሎ ስላሽ ኢነርጂ (powercfg /energy) ጽፋችሁ ኢንተር ተጫኑ። ለ60 ሰከንድ ላፕቶፑን አትንኩት። ሪፖርቱ ፕሮግራሙንም፣ አልተኛም ያለውን ዩኤስቢም በስሙ ያወጣዋል። ሊኑክስ የምትጠቀሙ ደግሞ ፓወርቶፕ የሚባለው ፕሮግራም ይበቃችኋል፤ በሰከንድ ማን ስንቴ እንደቀሰቀሰ ይዘረዝራል።

ኢነርጂ በሚለው ቦታ ባትሪ ሪፖርት ብላችሁ አያይዛችሁ (powercfg /batteryreport) ከጻፋችሁ የባትሪው ሁኔታ ይወጣል። ባትሪው ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረውን አቅም አሁን ሞልቶ ከሚይዘው ጋር አስተያዩ። ከግማሽ በታች ከሆነ ያኔ ባትሪው ደክሟል፣ ቀይሩት። ባትሪውም ደህና፣ ኢንተራፕቱም ዜሮ ሆኖ አሁንም የሚግል ከሆነ ፋኑን አስከፍታችሁ አስጠርጉ፤ የድሬ አቧራ አየር ማውጫውን ቶሎ ይደፍነዋል።