የተቀላቀሉ ድምፆችን በኤፍፒጂኤ እዚያው በዚያው መለየት

በጎንደር አዝማሪ ቤት ሴቲቱ ስታዜምና ባልደረባዋ ማሲንቆ ሲመታ ሁለቱን ድምፆች እየለዩ መቅዳት ለሚሻ የምህንድስና ተማሪ፣ አነስተኛ የኤፍፒጂኤ (የውስጥ አሠራሩን ተጠቃሚው እንደፈለገ የሚያዋቅረው ቺፕ) ቦርድና ሁለት ማይክሮፎን ይበቁታል። ሥራውን የሚያከብደው ብዙዎች እንደሚገምቱት የቺፑ አቅም ሳይሆን የማይክሮፎኖቹ አቀማመጥ ነው።

ድምፆችን ለመለየት የሚያገለግለው ቀላሉ ስሌት ሁለቱም ማይክሮፎኖች ድምፆቹን በተለያየ መጠን፣ ነገር ግን በአንድ ቅጽበት እንደሚቀበሉ ታሳቢ ያደርጋል። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ፣ በ20 ሴንቲሜትር በተራራቁ ማይክሮፎኖች መካከል እስከ 0.6 ሚሊሰከንድ የሚጠጋ መዘግየት ሊኖር ይችላል፤ በሰከንድ 16,000 ናሙና (የድምፁ ቅጽበታዊ ልኬት) ሲወሰድ ይህ ከ9 ናሙና ስለሚበልጥ ስሌቱን ያፈርሰዋል። ስለዚህ ከአንድ አቅጣጫ የሚመጣን ድምፅ አጉልተው የሚቀበሉ ሁለት ማይክሮፎኖችን አንዱን ከሌላው በላይ አጠጋግቶ፣ አንዱን ወደ ዘፋኟ፣ ሌላውን ወደ ማሲንቆው ማዞርና ሁለቱንም በአንድ ክሎክ (የጊዜ ምት) ማስነበብ ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ሙከራ ገላጣ ሜዳ ላይ ይሁን፤ እንደ ፋሲል ግቢ ባለ የድንጋይ አዳራሽ የሚያስተጋባ ድምፅ ሌላ፣ ከበድ ያለ ስልት ይጠይቃል።

ለመለየት ሹንኢቺ አማሪና ባልደረቦቹ በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ያቀረቡት፣ ተፈጥሯዊ ግራዲየንት የተባለውና ራሱን በየናሙናው እያረመ የሚማረው ስልት ለሃርድዌር ይመቻል። ለእያንዳንዱ ናሙና ግብዓቱ በ2×2 ማትሪክስ (አራት ቁጥሮች ያሉት ሰንጠረዥ) ይባዛል፤ ውጤቱ በታንጀንት ሃይፐርቦሊክ (ማንኛውንም ቁጥር በ-1 እና በ1 መካከል የሚገድብ ፈንክሽን) ሰንጠረዥ ያልፋል፤ ከዚያ የሚገኘው እርማት ማትሪክሱን በጥቂቱ ያስተካክላል። ይህ ሁሉ 16 ማባዛት ብቻ ሲሆን፣ በ100 ሜጋኸርዝ ክሎክ በሁለት ናሙናዎች መካከል 6,250 ዑደት ስላለ አንድ ማባዣ እየተመላለሰ ይጨርሰዋል።

የእርማቱን መጠን በማባዛት ፈንታ ቢቶቹን ወደ ቀኝ በማንሸራተት ማሳነስ ይቻላል። እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ይገባል፤ ማትሪክሱ በ18 ቢት ብቻ ከተያዘ ትንንሾቹ እርማቶች ወደ ዜሮ ስለሚጠጉ ማትሪክሱ መማሩን ያቆማል። ማትሪክሱን በ32 ቢት ይዞ ላይኛዎቹን 18 ቢቶች ብቻ ወደ ማባዣው መላክ መፍትሔው ነው።

ስልቱ የሚሠራው ድምፆቹ እርስ በርስ ካልተያያዙ ነው፤ ማሲንቆ ደግሞ የዘፋኟን ዜማ ይከተላል። በመሆኑም ዘፈኑ ሳይጀመር ዘፋኟ እያወራች ባልደረባዋ ማሲንቆውን ለብቻው ይምታ፤ ድምፆቹ ሲለያዩ እርማቱ በማብሪያ ማጥፊያ ይቁም። የትኛው ድምፅ በየትኛው መውጫ እንደሚመጣ አስቀድሞ ስለማይታወቅ በጆሮ ሰምቶ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። አብዛኞቹ ኤፍፒጂኤዎች መብራት ሲጠፋ የተጫነባቸውን ንድፍ ስለሚያጡ፣ ንድፉ በቦርዱ ፍላሽ (መብራት ቢጠፋም የማይረሳ ማህደረ ትውስታ) ላይ ይጻፍ፤ ማትሪክሱ ግን እንደገና መማር ይኖርበታል።