ቴሌግራም ላይ የግል ጉዳይ ለምታወሩ

ደብረ ማርቆስም ሆነ ቡሬ፣ ሞጣም ሆነ ፍኖተ ሰላም ያላችሁ፣ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ቴሌግራም ላይ የምንጽፈው በሁለታችን መካከል ብቻ የሚቀር ይመስለናል። አይደለም! ተራው ቻት የሚቀመጠው ኩባንያው ሰርቨር ላይ ነው። ግሩፕም እንደዚያው። ሁለቱ ስልኮች ላይ ብቻ የሚቀረው «ሲክሬት ቻት» የሚባለው ነው። የሰውየውን ፕሮፋይል ክፈቱ፣ ሦስቱን ነጥቦች ንኩ፣ እዚያው ታገኙታላችሁ። ለመጀመር ግን ያኛውም ሰው ኦንላይን መግባት አለበት። በ2015 ክረምት የሞባይል ኢንተርኔት እንዴት እንደተቋረጠብን ታውቃላችሁ፤ ኔትወርክ እያለ ክፈቱት። ደግሞ የመግቢያ ኮዱ በኤስኤምኤስ ሊመጣ ስለሚችል፣ ሲሙ እጁ የገባ ሰው አካውንታችሁንም ሊከፍት ይችላል። ሴቲንግ ውስጥ «ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን»ን አብሩና የራሳችሁን የይለፍ ቃል ጨምሩ። የእናት የአባታችሁም ስልክ ላይ አድርጉላቸው።