ምጣዱ በወር ስንት ይበላል? የቤት ዕቃን የመብራት ወጪ ማስላት

የመብራት ሂሳብ ሲንር መጀመሪያ የሚወቀሰው አምፖል ነው። ያለጥፋቱ ነው። 9 ዋት የኤልኢዲ አምፖል በቀን 5 ሰዓት ቢበራ በወር 1.35 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል፤ ምጣድ ይህን በ20 ደቂቃ ገደማ ይጨርሰዋል።

ስሌቱ፦ ዋት × የበራበት ሰዓት ÷ 1000 = ኪሎዋት ሰዓት። ዋቱ ከዕቃው ጀርባ ወይም ሥር ተለጥፏል። አምፒር ብቻ ከተጻፈ በ220 ቮልት ያባዙት።

ዋጋውን ከጎረቤት አይውሰዱ። የመኖሪያ ቤት ታሪፍ እንደ ፍጆታው በእርከን ስለሚጨምር የሁለት ቤት ዋጋ ላይገጥም ይችላል፤ ከመስከረም 2017 ወዲህም ታሪፉ በየጊዜው ተሻሽሏል። የቅርቡን ወር ደረሰኝ ይዘው የአገልግሎት ክፍያውን ይቀንሱ፤ የቀረውን ብር ለተፈጀው ኪሎዋት ሰዓት ያካፍሉ። እዚህ ለስሌት እንዲመች 4 ብር እንበል።

3800 ዋት ምጣድ ለአንድ ሰዓት ተኩል ሲሠራ 5.7 ኪሎዋት ሰዓት ይወስዳል። በወር 8 ጊዜ ከተጋገረ 45.6፣ በብር 182.40 ይሆናል። ሰዓቱ የሚቆጠረው ምጣዱ ከተሰካበት ደቂቃ ነው፤ ብዙ ሰው የመጀመሪያው ሊጥ ከፈሰሰበት እየቆጠረ ይሳሳታል። ለማጋል ብቻ 15 ደቂቃ ከፈጀ 0.95 ኪሎዋት ሰዓት ያለ እንጀራ ሄዷል፤ ሁለቱን ቀን ጋገራ በአንድ ቀን ማድረግ የሚያዋጣውም ለዚህ ነው። ማታ ቮልቴጁ ወደ 200 ከወረደ ያው ምጣድ የሚስበው 3140 ዋት ያህል ነው። ቁጠባ እንዳይመስልዎት፦ ምጣዱ ስለሚለግም ሰዓቱ ይረዝማል፣ የሚባክነውም ሙቀት ይበዛል።

ፍሪጅና ቦይለር ራሳቸው እየበሩ ስለሚጠፉ ዋቱን በ24 ማባዛት የተጋነነ ቁጥር ይሰጣል። ለቦይለር ከዋቱ ይልቅ ውሃው ይሻላል፦ 50 ሊትር ከ20 ወደ 60 ዲግሪ ለማድረስ 2.3 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይጠይቃል። በየቀኑ ሙሉው ካለቀ በወር 70 ገደማ፣ 280 ብር ማለት ነው። ሌት ተቀን ከተተወ ደግሞ ማንም ሳይታጠብበት የቀዘቀዘውን መልሶ ያሞቃል።

ለፍሪጅ ቆጣሪውን ይጠቀሙ። ማታ ሌላውን ሁሉ አጥፍተው ንባቡን ከነነጥቡ ይጻፉ፤ 8 ሰዓት ያህል ቆይተው እንደገና ያንብቡ። ልዩነቱ 0.4 ከሆነ በቀን 1.2፣ በወር 36 ነው። ቀን በሩ ስለሚከፈት ጥቂት ይጨምሩበት። ቁጥሩ ከዚህ እጅግ ከበለጠ የበሩን ጎማ ይፈትሹ፦ ወረቀት አስገብተው ሲዘጉት ያለ ችግር ተስቦ ከወጣ ቅዝቃዜው በዚያ እየሾለከ ነው።

ዋቱ ለተፋቀ ዕቃ ደግሞ የዲጂታል ቆጣሪው ቀይ መብራት አለ። ፊቱ ላይ ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት ስንት ጊዜ ብልጭ እንደሚል ተጽፏል፤ 1600 ነው እንበል። ያንን ዕቃ ብቻ አብርተው የ60 ሰከንድ ብልጭታ ይቁጠሩ፣ በ60 ያባዙ፣ ለ1600 ያካፍሉ። 40 ብልጭታ 1.5 ኪሎዋት ነው፤ የአንድ ስቶቭ ያህል።

ሁሉም ዕቃ ተነቅሎም ብልጭታው ከቀጠለ የተረሳ ቦይለር፣ ከእርስዎ መስመር የሚስብ ሰርቪስ ቤት ወይም ልባሱ የተጎዳ ሽቦ ይጠርጥሩ። ሽቦው ላይ ከደረሱ ኤሌክትሪሺያን ይጥሩ እንጂ ራስዎ አይነካኩት። መብራቱ ብልጭ ሳይል ዝም ብሎ ቢበራ ግን አያስደንግጥዎ፤ አንዳንድ ቆጣሪ ምንም ሳይሳብበት ሲቀር እንዲሁ ይሆናል።