የመብራት ቢል ይዞ የተሳሳተ በር ማንኳኳት

ቅዳሜ ቅዳሜ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ አንዲት ጠረጴዛ ይዤ እቀመጣለሁ። ሰው ቢሉን ይዞ ይመጣል። አነብለታለሁ፣ እደውልለታለሁ፣ አስተረጉምለታለሁ። ሰዉ ይቀያየራል እንጂ ስህተቱ ያው ነው። አንዴ ልጻፈውና ልረፍ። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

በር ላይ ለመጣ ሰው ቢል ማሳየት

ይሄኛው ያንገበግበኛል። ሰውየው ባጅ አንጠልጥሏል፣ ታብሌት ይዟል። «ከመብራት ነው የመጣሁት፤ ቅናሹ እየደረሰዎት እንደሆነ ልይ፣ ቢሉን ያሳዩኝ» ይላል። እማማም እንግዳ በር ላይ አይቆምም ብለው ያስገቡታል። ቡናም ያፈሉለታል። እሱ የሚፈልገው ቢሉ ላይ ያለችውን የደንበኛ ቁጥር ነው። ቁጥሯን ካገኘና ስልክ ላይ ሁለት ሦስቴ «የስ» ካስባላቸው በኋላ አለቀ፣ ውል ገብተዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሜሪላንድ በ1999 ባወጣችው ሕግ የመብራትን ሥራ ለሁለት ከፈለችው። ምሰሶውን፣ ሽቦውንና ቆጣሪውን የያዘው ድርጅት አንድ ነው፤ እኛ ሰፈር ፔፕኮ ነው። በሽቦው የሚመጣውን ኃይል ግን ከሌላ ሻጭ መግዛት ይቻላል። ምንም ካልመረጣችሁ ፔፕኮ ራሱ በኮሚሽኑ (የመብራት ድርጅቶችን በሚቆጣጠረው የስቴቱ ፐብሊክ ሰርቪስ ኮሚሽን) ክትትል በጨረታ የገዛውን ያቀርብላችኋል። በር ያንኳኳው ሰው የሌላ ሻጭ ሰው ነው። እኛ ደግሞ አገር ቤት «መብራት ኃይል» ሲባል ሁሉም ነገር አንድ መሥሪያ ቤት ስለነበር፣ «ከመብራት ነኝ» ያለንን ሁሉ እናምናለን።

እኔም ተሸውጃለሁ። ያኔ አዲስ ነበርኩ፣ ልጁም ሲያወራ ደስ ይል ነበር። የመጀመሪያዎቹ ወራት እውነትም ርካሽ ነበሩ። ከዚያ ዋጋው እያደር ወጣ። ሰባት ወር ከከፈልኩ በኋላ ነው የነቃሁት፣ ለዚያውም ያየችው ባለቤቴ ናት። ደውዬ ሰረዝኩ፤ የከፈልኩት ግን ቀረ።

በ2024 የወጣ ሕግ ነገሩን ጠበቅ አድርጎታል። ለመኖሪያ ቤት የሚሸጥ አዲስ ውል ከ12 ወር አይበልጥም፤ ዋጋውም ከመደበኛው አቅርቦት (ምንም ላልመረጠ ሰው ከሚቀርበው) የ12 ወር አማካይ እንዳይበልጥ ተገድቧል። ታዳሽ ኃይል ተብሎ የሚሸጠው ግን የራሱ ደንብ ስላለው «ግሪን ነው» ሲሏችሁ ቆም በሉ። ቢሉን አታሳዩ። በቃ አታሳዩ። ዘመድ ቢሆንም አታሳዩ፤ አንዳንዴ ሻጩ የራሳችን ልጅ ነው።

ድምሩን ብቻ አይቶ መጮህ

«ኮሚሽኑ ጨመረብን» ብሎ የሚመጣውን መጀመሪያ የምጠይቀው የትኛው መስመር እንደጨመረ ነው። አያውቅም። ቢሉ ላይ የኃይሉ ዋጋ አለ፣ የማከፋፈያው (የምሰሶውና የሽቦው) ዋጋ አለ፣ ግብርና ልዩ ልዩ ክፍያ አለ። የሚወስነውም የተለያየ አካል ነው።

ማከፋፈያው ሙሉ በሙሉ የኮሚሽኑ ነው። አምስት ኮሚሽነሮች አሉ፤ የስቴቱ ገዢ (ገቨርነሩ) ይሾማቸዋል፣ የስቴቱ ሴኔት ያጸድቃቸዋል፣ ዘመናቸው አምስት ዓመት ነው። ድርጅቱ ዋጋ ልጨምር ሲል ያመለክታል። ወጪውን፣ ያፈሰሰውን ካፒታልና የሚፈልገውን ትርፍ በወረቀት ያቀርባል። ትርፉ የሚሰላው ካፈሰሰው ካፒታል ላይ ነው። ስለዚህ ክርክሩ ብዙ ጊዜ «ይሄን ሁሉ ገንዘብ መሬት ውስጥ መቅበር ያስፈልግ ነበር ወይ?» የሚል ነው። ውሳኔው ከማመልከቻው ጀምሮ 210 ቀን ገደማ ይወስዳል።

የኃይሉ ዋጋ ሌላ ታሪክ ነው። 13 ስቴቶችንና ዲሲን የሚያገለግለው ፒጄኤም የሚባለው የጅምላ ኃይል ገበያ በጁላይ 2024 ባካሄደው ጨረታ፣ የማመንጨት አቅም ዋጋ (ማመንጫዎች ኃይል ለማቅረብ ዝግጁ ሆነው እንዲጠብቁ የሚከፈላቸው) በአንድ ሜጋዋት በቀን ከ28.92 ዶላር ወደ 269.92 ዶላር ተተኮሰ። የባልቲሞር አካባቢ 466.35 ገባ። አሮጌ ማመንጫዎች እየተዘጉ ነው፣ ዳታ ሴንተሮች ደግሞ ኃይል እየጠጡ ነው። ይህ ጭማሪ ከጁን 2025 ጀምሮ ቢላችሁ ላይ ገብቷል። ገበያውን የሚቆጣጠረው የፌዴራሉ መንግሥት ነው። የሜሪላንድ ኮሚሽን ላይ ብትጮኹ ጩኸታችሁ ሜዳ ላይ ይቀራል።

ኮሚሽኑን እንደ ቀበሌ ማየት

አንድ ጋሼ «እዚያ የምታውቀው ሰው የለም?» አሉኝ። ጋሼ፣ ኮሚሽኑ እንደ ፍርድ ቤት ነው። በእጁ ባለ ጉዳይ ላይ ኮሚሽነሮቹ ከባለጉዳይ ጋር ጓዳ ገብተው አያወሩም። ፋይሉ ውስጥ ያለውን ብቻ አይተው ይወስናሉ። በሕዝብ መድረክ ላይ መናገር ይቻላል፤ ግን «ኑሮ ከበደን» ከማለት «በዚህ ቀን፣ በዚህ አድራሻ፣ ይህን ያህል ሰዓት መብራት ጠፋ» ማለት ይበልጣል። ደግሞ ጠበቃ አላችሁ። የሕዝብ ጠበቃ ጽሕፈት ቤት የሚባለው የስቴቱ መሥሪያ ቤት ከ1924 ጀምሮ የመኖሪያ ቤት ደንበኞችን ወክሎ ይከራከራል። ነጻ ነው።

ስለተከራከሩ መክፈል ማቆም

የምትከራከሩበትን ገንዘብ ለዩ፣ የቀረውን ክፈሉ። መጀመሪያ ለድርጅቱ ደውሉ፤ ቀኑንና ያነጋገራችሁን ሰው ስም ጻፉ። ካልሆነ ለኮሚሽኑ የሸማቾች ጉዳይ ክፍል አቤት በሉ። ቀኑ ያልተጻፈ «ደውዬ ነበር» ዋጋ የለውም።

«ክረምት አይቆርጡም» ብሎ መተኛት

ግማሽ እውነት ነው፤ ጉዱም ያለው እዚያ ላይ ነው። ከኖቬምበር 1 እስከ ማርች 31 ያለው የተጠናከረ ጥበቃ ገቢው አነስተኛ ሆኖ ለተመዘገበ ሰው ነው። ካልተመዘገባችሁ የለም። ሙቀቱ ቀኑን ሙሉ ከ32 ፋራናይት እንደማያልፍ ከተተነበየ አይቆረጥም፤ ያ ግን የቀን ጉዳይ ነው። ከባድ ሕመም ያለበት ሰው ቤት ውስጥ ካለ የሐኪም ማረጋገጫ እስከ 30 ቀን ያስረዝማል። ዕዳው ግን ይቆጥራል። ኤፕሪል ሲገባ ጠረጴዛዬ ፊት የሚሰለፈውን ሰው ብታዩ! የመቁረጫ ማስጠንቀቂያ ከ14 ቀን በፊት ይደርሳችኋል፤ በ13ኛው ቀን አትምጡብኝ።

የውሃ ቢል ለዚህ ኮሚሽን ማምጣት

የሞንትጎመሪና የፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲዎች ውሃ በአብዛኛው ደብሊው ኤስ ኤስ ሲ የሚባለው የውሃ ድርጅት ነው፤ በቢሉ ካልተስማማችሁ መጀመሪያ እዚያ ጠይቁ። የቤት ኢንተርኔት ዋጋም ኮሚሽኑ ጋ አይደለም። የሚገርመው ኡበር የሚነዱት ልጆች ኮሚሽኑን በደንብ ያውቁታል፤ የሹፌርነት ፈቃዳቸው የሚወጣው ከዚያው ነው። የእናታቸውን የመብራት ቢል እንደሚቆጣጠር ግን ስነግራቸው ይስቃሉ።

በግማሽ ሰዓት እንቆርጣለን፣ በጊፍት ካርድ ክፈሉ የሚል ስልክ ከመጣ ዝጉት።

ስትመጡ ደግሞ ቢሉን ሙሉውን አምጡ፣ ሁለተኛውንም ገጽ። የድምሩን ፎቶ በቫይበር ልካችሁ «ይሄ ልክ ነው?» አትበሉኝ።